ለዓመታት ተቀምጦ የቆየን ፕሌይስቴሽን 2 ሳያበላሹ እንደገና ለማስነሳት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ፕሌይስቴሽን 2 በብዛት የሚበላሸው ከቁም ሣጥን በወጣበት ዕለት ነው። አንዱ ከአሜሪካ የመጣውን መሣሪያ በቀጥታ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ይሰካዋል፤ ሌላው ዲስክ አላነብ ሲለው ችግሩ ከዲስኩ ይሁን ከሌንሱ ሳይለይ ይፈታውና መነካት የሌለበትን ብሎን ያዞራል፤ ሦስተኛው ደግሞ የፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ወይም የጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ጨዋታውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያስቀመጠበትን ሜሞሪ ካርድ በችኮላ ያጠፋዋል። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ስሕተት ፈጽሜ፣ ዘመድ ከሩቅ ተሸክሞ ያመጣልኝን መሣሪያ አንድም ጨዋታ ሳልጫወትበት አቃጥያለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት ጉዳት የማያስከትለው ሥራ እንዲቀድም፣ መፍታት ደግሞ የመጨረሻው እንዲሆን ተደርጎ ስለሆነ አንዱን ሳይጨርሱ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያሰናዷቸው ዕቃዎች

- መካከለኛና ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ እንዲሁም አንድ ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ
- 90 በመቶና ከዚያ በላይ ጥራት ያለው አይሶፕሮፒል አልኮል
- የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ
- ጭረት የሌለባቸው ቢያንስ ሁለት ኦሪጅናል የጨዋታ ዲስኮች
- ባዶ ወይም ክፍት ቦታ ያለው ሁለተኛ ሜሞሪ ካርድ
- የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር
- እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ የሚያነሱበት ስልክ

ስለ አልኮሉ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ፋርማሲ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ ለመድረቅ ይዘገያል፤ ሌንሱም ላይ ጭጋግ መሰል ምልክት ሊተው ይችላል። ሌላ ካጡ በጣም ጥቂት ይጠቀሙና መሣሪያውን ከአንድ ሰዓት በፊት አያብሩት። ሽቶ፣ አረቄና የእጅ ሳኒታይዘር ግን ፈጽሞ አይጠቀሙ። ሽቶ ዘይት አለበት፣ ሳኒታይዘር ግሊሰሪን አለበት፣ አረቄም ከአልኮል ሌላ ብዙ ነገር ስለሚይዝ ሁሉም ሲደርቁ ሌንሱ ላይ ቀጭን ሽፋን ጥለው ይሄዳሉ፤ ያንን ሽፋን ማስለቀቅ ከአቧራው ይልቅ ይከብዳል።

1. የያዙትን መሣሪያ ይለዩ

ፕሌይስቴሽን 2 በሁለት ዋና ቅርጾች ይገኛል። ወፍራሙ ዲስኩን የሚቀበለው ወደ ፊት በሚወጣ ትሪ ላይ ሲሆን፣ በ2004 የወጣው ቀጭኑ ግን ክዳኑ ወደ ላይ ይከፈታል። መሣሪያውን ገልብጠው የተለጠፈበትን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ኤስሲፒኤች ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ባለ አምስት አኃዝ የሞዴል ቁጥር፣ በአቅራቢያውም የሚፈልገው ቮልት ተጽፎ ያገኛሉ። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ይጻፉ።

በወፍራሙ ላይ የሞዴሉ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ መሣሪያው የተሠራለትን ገበያ ያመለክታል፤ 0 ጃፓንን፣ 1 ሰሜን አሜሪካን፣ 3 እንግሊዝን፣ 4 ደግሞ የቀረውን አውሮፓ። ስለዚህ 30001 ወይም 39001 የአሜሪካ፣ 50004 የአውሮፓ ነው። ይህን ደንብ በቀጭኑ ላይ አይመኑበት፤ ለምሳሌ 70012 በ2 ቢጨርስም የአሜሪካ መሣሪያ ነው።

ቁጥሩ ሌላም ጥቅም አለው። ጨዋታዎቹ በገበያ ክልል የተቆለፉ ስለሆኑ ለአሜሪካ የታተመ ዲስክ ባልተነካካ የአውሮፓ መሣሪያ ላይ አይከፈትም፤ የአውሮፓውም በአሜሪካው ላይ እንደዚሁ። ብዙ ሰዎች «ሌንሱ ሞቷል» ብለው የሚፈቱት መሣሪያ የሌላ ክልል ዲስክ ተሰጥቶት እንጂ ምንም ሳይጎድለው ነው።

2. ኤሌክትሪኩን ያስተካክሉ

በዚህ ደረጃ ላይ አይቸኩሉ፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ስሕተቶች አብዛኞቹ ይታረማሉ፣ የዚህኛው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቅጽበት ያበቃል።

ወፍራሙን ከያዙ

ወፍራሙ የኃይል ክፍሉን በሆዱ ስለያዘ የሶኬቱ ኃይል በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፣ የአሜሪካው መሣሪያ የተሠራው ለ120፣ የጃፓኑ ደግሞ ለ100 ቮልት ነው። የኃይል ገመዱ ጫፉ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው፣ ከራዲዮና ከሌሎች የቤት ዕቃዎች ጋር የሚቀያየር ተራ ገመድ ስለሆነ ገመዱ ከግድግዳው ሶኬት ጋር መግጠሙ ስለ መሣሪያው ምንም አይነግርዎትም። የሚታመነው የተለጠፈው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ሀ. ጽሑፉ ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በቀጥታ መሰካት ይችላሉ።

ለ. 120 ወይም 100 ቮልት የሚል ከሆነ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ። ከ100 ዋት ያላነሰ ይሁን፤ በቀጥታ 100 ቮልት የሚያወጣ ካገኙ ለጃፓኑ እሱን ይምረጡ። ለካውያና ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠውን ቀላልና ትንሽ መቀነሻ አይግዙ፤ ያ የተሠራው ለሚያሞቁ ዕቃዎች ብቻ ነው። ለእንደዚህ ያለ መሣሪያ የሚሆነው የመዳብ ጥቅል ያለበት፣ በእጅ ሲያነሡት ክብደቱ የሚሰማዎት ትራንስፎርመር ነው።

ሐ. መሣሪያውን ሳያገናኙ ትራንስፎርመሩን ብቻ ሶኬት ላይ ሰክተው መውጫውን በቴስተር ይለኩ። ለአሜሪካው መሣሪያ ከ105 እስከ 125 ቮልት ካሳየ ይቀጥሉ። ከዚህ ከበለጠ ወይም ቁጥሩ ከዘለለ ወደ ገዙበት ይመልሱት።

የኸርዙ ልዩነት፣ ማለትም የአሜሪካው 60 የእኛው 50 መሆኑ፣ የመሣሪያውን የኃይል ክፍል አይጎዳውም። ከአዲስ አበባ ወይም ከአውሮፓ የሄደ የ220 ቮልት መሣሪያ አሜሪካ ላይ የሚያበሩ አንባቢዎች ደግሞ ተቃራኒውን፣ ማለትም ኃይል የሚጨምር ትራንስፎርመር ያስፈልጋቸዋል።

ቀጭኑን ከያዙ

ቀጭኑ ኃይሉን የሚያገኘው ከውጭ አዳፕተር ነው፤ አዳፕተሩ ለመሣሪያው 8.5 ቮልት ይሰጣል። የአዳፕተሩን መግቢያ ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፣ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያስፈልጋል። አዳፕተሩ ጠፍቶ ሌላ የሚገዙ ከሆነ ቮልቱ በትክክል 8.5፣ አምፔሩ ደግሞ በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። ጫፉ ስለገባ ብቻ የሌላ ዕቃ 12 ቮልት አዳፕተር አይሰኩበት። የሞዴሉ ቁጥር በ90 የሚጀምረው የመጨረሻው ቀጭን መሣሪያ የኃይል ክፍሉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ስለገባ እንደ ወፍራሙ ይቁጠሩት።

አስቀድመው በስሕተት ሰክተው ከሆነ፦ ጩኸት፣ ብልጭታ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከተሰማ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉና እንደገና አይሞክሩ። በወፍራሙ ላይ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በኃይል ክፍሉ ላይ ይቆማል፤ ክፍሉም ተነጥሎ ሊቀየር ስለሚችል ለቴክኒሻን ይስጡት። የተበጠሰ ፊውዝን በሽቦ አገናኝቶ ለማስነሳት የሚሞክር ካለ መሣሪያውን ከእጁ መልሰው ይውሰዱ፤ ያ ሥራ የተረፈውን ያቃጥላል፣ ቤትንም ለእሳት ያጋልጣል።

3. ያለ ዲስክ ያብሩት

የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹንና ከኋላ ያለውን ማራገቢያ በብሩሽ ያጽዱ። የወፍራሙ ዋና ማብሪያ ከጀርባው ነው፤ ሲከፍቱት ፊት ለፊት ቀይ መብራት ይበራል፣ የፊቱን ቁልፍ ሲጫኑ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይቀየራል። ለ15 ደቂቃ ያህል ያለ ዲስክ ይተዉትና ይከታተሉ፤ ማራገቢያው መዞሩን በእጅዎ ይፈትሹ፣ ሽታ ካለ ያጥፉ።

አረንጓዴው በርቶ ወዲያው ወደ ቀይ ከተመለሰ ደጋግመው አያብሩት። የኃይል ችግር ወይም የውስጥ መነካካት ስለሚሆን ከዚህ በኋላ ያሉት ደረጃዎች አይፈቱትም።

በበራ ቁጥር ቋንቋና ሰዓት እንዲመርጡ የሚጠይቅ ከሆነ የሰዓቱ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ባትሪው ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው። ያስቀመጧቸው ጨዋታዎች ያሉት በሜሞሪ ካርዱ ላይ ስለሆነ በዚህ ምክንያት አይጠፉም፤ ጥያቄውን መልሰው መቀጠል ይችላሉ።

4. ስዕሉን ያግኙ

ቢጫው ገመድ ስዕል፣ ነጩና ቀዩ ድምፅ ይሸከማሉ። አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ሰው እዚህ ላይ ብዙም አይቸገርም፤ በአዳዲሶቹ ላይ ግን ከሚከተሉት አንዱ ያጋጥማል።

ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ፦ በብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ የቢጫውና የአረንጓዴው ገመድ ቀዳዳ አንድ ነው። ገመዱን ትክክል ሰክተው ከምንጭ ዝርዝሩ ውስጥ «ኤቪ» የሚለውን ትተው «ኮምፖነንት» የሚለውን መርጠው ይሆናል፤ ይቀይሩት። የአሜሪካ መሣሪያ ከአሮጌ የአውሮፓ ሥሪት ቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝም ቀለም ሊያጣ ይችላል፤ ይህን የሚፈታው ሁለቱንም የስዕል ሥርዓት የሚቀበል ሌላ ቴሌቪዥን ነው።

ቴሌቪዥኑ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ብቻ ካለው፦ መለወጫ ሳጥን ይግዙ። ሲገዙ አቅጣጫውን ያንብቡ። ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠውና ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚለውጠው ሳጥን በመልክም በመጠንም መንትያ ስለሆኑ ብዙ ሰው የተሳሳተውን ይዞ ይመለሳል። ሳጥኑ በዩኤስቢ ገመድ የራሱ ኃይል ይፈልጋል፤ ገመዱን ሳይሰኩ «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ አይደንግጡ።

ስዕሉ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ካዘነበለ፦ ይህ የሚያጋጥመው ባለ ሦስት ቀለም የኮምፖነንት ገመድ ለሚጠቀሙ ሰዎች ነው። ወደ መሣሪያው ማስተካከያ ገጽ ገብተው የኮምፖነንት መውጫውን ከ«አርጂቢ» ወደ ሌላኛው ምርጫ ይቀይሩት።

ቁልፍ ሲጫኑና ተጫዋቹ ሲንቀሳቀስ መዘግየት ካለ፦ በቴሌቪዥኑ የስዕል ማስተካከያ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን ያብሩ። በኳስ ጨዋታ ላይ ይህ መዘግየት ቅብብሉን ሁሉ ያበላሻል፤ ሰዎችም ጥፋቱን በከንቱ በጆይስቲኩ ላይ ያደርጋሉ።

5. ዲስክ ከማስገባትዎ በፊት ሜሞሪ ካርዱን ያድኑ

አሮጌ ካርድ ዛሬ ተነቦ ነገ ላይነበብ ስለሚችል ቅጂው መጀመሪያ ይወሰድ። የድሮ የሳን አንድሪያስ ጉዞ ወይም ከወንድም ጋር ተሠርቶ የተቀመጠ የቡድን አሰላለፍ አንዴ ከጠፋ መልሶ የሚያመጣው የለም።

ሀ. መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ የካርዱን የብረት ጥርሶች በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጥረጉና 10 ደቂቃ ያድርቁ።

ለ. አሮጌውን በመጀመሪያው፣ አዲሱን በሁለተኛው ቀዳዳ ያስገቡና ያብሩ።

ሐ. ዲስክ ሳይኖር በሚመጣው ገጽ ላይ «ብራውዘር» የሚለውን ከፍተው ካርዱን ይምረጡ፤ የተቀመጡት ጨዋታዎች በየራሳቸው ምስል ይታያሉ።

መ. እያንዳንዱን መርጠው «ኮፒ» በማለት ወደ ሁለተኛው ካርድ ይቅዱ። ጥቂት ጨዋታዎች እንዳይቀዱ ተቆልፈው የተሠሩ ናቸው፤ እነዚህ እምቢ ካሉ የካርዱ ብልሽት አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጨዋታ ይዞ የነበረ ካርድ «ፎርማት አልተደረገም» የሚል መልእክት ቢያወጣ አይስማሙ። ያጥፉ፣ ጥርሶቹን እንደገና ያጽዱ፣ በሌላኛው ቀዳዳ ይሞክሩ፣ ከተቻለም በሌላ ሰው መሣሪያ ላይ ይሞክሩ። ቅጂ በሚወሰድበት ጊዜ ካርዱን መንቀል ወይም መሣሪያውን ማጥፋት ካርዱን ያበላሸዋል።

የፕሌይስቴሽን 2 ዋናው ካርድ 8 ሜጋባይት ነው። 64ና 128 ሜጋባይት ተብለው የሚሸጡ ርካሽ ካርዶች በድንገት ባዶ ሲሆኑ ደጋግሜ ስላየሁ ዋና ማስቀመጫ እንዲያደርጓቸው አልመክርም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች ደግሞ በራሳቸው አሮጌ ካርድ ላይ ካልሆነ በዚህኛው ላይ በቀጥታ አያስቀምጡም።

6. በሽታውን በዲስክ ይመርምሩ

ዲስኩን ገልብጠው ሥሩን ይመልከቱ። ሥሩ ሰማያዊ የሆነ የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ ሲዲ ነው፤ ብርማ የሆነው ዲቪዲ ነው፤ ጥቁሩ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዲስክ ሲሆን እሱም ሲዲ ነው። መሣሪያው ሲዲንና ዲቪዲን የሚያነበው በተለያየ ሌዘር ስለሆነ ከሁለቱም ዓይነት መሞከር ምርመራውን ግማሽ ያህል ይጨርሰዋል።

ዲስኩን በመነጽር ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ይጥረጉት፤ በክብ አይጥረጉ። በብርሃን አንጻር ሲያዩት በጽሑፉ በኩል ቀዳዳ ወይም ልጣጭ ያለበትን ሲዲ ለሙከራ አይጠቀሙ፤ በሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከጽሑፉ ሥር ስለሆነ የዚያ በኩል ጉዳት አይጠገንም። የዲቪዲ መረጃ በሁለት ንብርብሮች መካከል ስለሚገኝ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ጭረትን በጥርስ ሳሙና ማሸት የተለመደ ምክር ቢሆንም፣ ሳሙናው ራሱ አዲስ ጭረት ስለሚጨምር ከእጅዎ ያርቁት።

አሁን ያስገቡና ውጤቱን ከሚከተሉት ጋር ያመሳክሩ።

ብርማውን አንብቦ ሰማያዊውን ካላነበበ፣ ወይም በተቃራኒው፦ ሞተሩና ማርሹ ጤነኛ ናቸው፤ ሌንሱ ቆሽሿል ወይም ከሁለቱ ሌዘሮች አንዱ ደክሟል። ቀጭኑን ከያዙ ወደ ደረጃ 7፣ ወፍራሙን ከያዙ ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ።

ሁለቱንም እያዞረ ካላነበበ፦ ሌንሱን ያጽዱ። ለተቀመጠ መሣሪያ የተለመደው ምክንያት አቧራና የጭስ ቅባት ነው።

ጀምሮ መሐል ላይ ከቆመ፦ ዲስክ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር ስለሆነ፣ በተለያዩ ዲስኮች ላይ መጨረሻው አካባቢ የሚቆም ከሆነ ሌንሱ የሚሄድባቸው ሐዲዶች ቆሽሸው ይሆናል። በአንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። እንደ ጎድ ኦፍ ዋር 2 ያሉ በባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ የታተሙ ጨዋታዎች ለደከመ ሌንስ ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳሉ፤ ስለዚህ በእነሱ ብቻ አይፍረዱ።

ቀይ ገጽ መጥቶ የፕሌይስቴሽን ዲስክ እንዲያስገቡ ከጠየቀ፦ ዲስኩ ኮፒ ወይም የሌላ ክልል ሊሆን ይችላል። ኦሪጅናል ዲስክ ተነቦ ኮፒው ካልተነበበ ሌንሱን አይንኩ፤ ኮፒ እንዲያነብ የሚያደርግ ቺፕ ያልገባበት መሣሪያ ኮፒ አይቀበልም።

ጭራሽ ካልዞረ፦ በቀጭኑ ላይ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያሳውቁትን ትንንሽ ቁልፎች ይፈትሹ፤ አቧራ ወይም የተሰበረ ፕላስቲክ ይዟቸው ይሆናል።

የሚፍቅ ድምፅ ካለ፦ ወዲያው ያጥፉና ዲስኩን ያውጡ። ክብ ጭረት ካገኙበት ቀጥሎ ያለውን ስለ ጠፍጣፋው ኬብል የተጻፈውን ሳያነቡ ሌላ ዲስክ አይስጡት።

7. የቀጭኑን ሌንስ ማጽዳት

ለዚህ ምንም ብሎን አይፈታም።

ሀ. መሣሪያውን ያጥፉ፣ አዳፕተሩን ይንቀሉ፣ ክዳኑን ይክፈቱ። ዲስኩ ከሚቀመጥበት አጠገብ ባለው ክፍተት ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል የምታብረቀርቅ ነገር ያያሉ፤ ሌንሷ እርሷ ናት።

ለ. ከሌንሷ ተያይዞ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ኬብል ይመልከቱ። ወደ ላይ ተነሥቶ ከሆነ የሚዞረውን ዲስክ የሚፍቀው እሱ ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በጥንቃቄ ወደ ታች ይመልሱት፤ እንዳይታጠፍ ይጠንቀቁ።

ሐ. የጆሮ ጥጡን በአልኮል ያርጥቡና ትርፉን በጨርቅ ያስመጥጡት፤ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ሌንሷ በቀጭን ሽቦ ላይ የተንጠለጠለች ስለሆነች ሲነኳት ትወዛወዛለች፤ ይህ ጤናማ ነው። በጥጡ ክብደት ብቻ፣ ሳይጫኑ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩ።

መ. በደረቅ ጥጥ አንዴ ያልፉበት፣ የቀረ የጥጥ ብናኝ ካለ በአፍዎ ሳይሆን በጎማ መንፊያ ያራግፉ፤ ትንፋሽ እርጥበትና ምራቅ ይዞ ይወጣል።

ሠ. 10 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ አስቀድሞ በሞከሩት ዲስክ እንደገና ይሞክሩ። ከተሻሻለ ግን ካልተስተካከለ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ከዚያ በላይ ማሸት አይጨምርም።

8. ወፍራሙን መክፈት

ገመዱን ከነቀሉ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በኃይል ክፍሉ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ ያንን ክፍል በእጅዎም በካቻቢቴም አይንኩት። መሣሪያው ተከፍቶ ሳለም ኤሌክትሪክ አይሰኩ፤ የሲዲው ሌዘር ለዓይን የማይታይ ስለሆነ ዓይንዎ ሳያስጠነቅቅዎት ይጎዳል።

ሀ. ገልብጠው በሥሩ ያሉትን የጎማና የፕላስቲክ ሽፋኖች በጠፍጣፋው ካቻቢቴ ያንሡ። ከሥራቸው እንደ ሞዴሉ 8 ወይም 10 ብሎኖች አሉ፤ ሁሉንም ይፍቱና በየቦታቸው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ያስቀምጡ።

ለ. መሣሪያውን ቀና አድርገው የላይኛውን ክዳን ከኋላ በኩል ቀስ ብለው ያንሡ። ፊት ለፊት ያለው የማብሪያና የዲስክ ማውጫ ቁልፍ እንደ ወረቀት በሳሳ ጠፍጣፋ ኬብል ከውስጡ ጋር ተያይዟል። ብዙ መሣሪያ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ክዳኑን በኃይል የሚስብ ሰው ኬብሉን ይበጥስና መሣሪያው ዳግመኛ አይበራም። ቁልፉን ከክዳኑ አላቅቀው ከታች ይተዉት። ፎቶ ያንሡ።

ሐ. የዲስክ ክፍሉን ክዳን የያዙትን 4 ትንንሽ ብሎኖች ፈትተው ክዳኑን ያንሡ። በክዳኑ ላይ ያለው ክብ ነገር ዲስኩን የሚይዝ ማግኔት ስለሆነ እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ።

መ. ሌንሱን በደረጃ 7 እንደተገለጸው ያጽዱ። ከዚያ ሌንሱ የሚሄድባቸውን ሁለት የብረት ሐዲዶች በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጥረጉ፤ የጠቆረውና የተጋገረው አሮጌ ቅባት መልቀቅ አለበት። በምትኩ የክብሪት ራስ የምታህል ነጭ ግሪስ ይቀቡ። የሚረጭ ዘይት አይጠቀሙ፤ ሌንሱ ላይ ይደርሳል።

ሠ. ከሌንሱ መንገድ አጠገብ ያለውን ነጭ የፕላስቲክ ማርሽ አይንኩ። የሌንሱን አቀማመጥ የሚወስነው እሱ ስለሆነ በአንድ ጥርስ ቢዞር ጤነኛው ሌንስም ማንበብ ያቆማል። በስሕተት እንዳይሆን ሳይጀምሩ በብዕር ምልክት ያድርጉበት።

ረ. በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይግጠሙ። ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በልቅ ያስገቡ፣ ከዚያ ያጥብቁ። ትሪው መግባትና መውጣቱን ያለ ዲስክ ሁለት ጊዜ ከፈተሹ በኋላ ዲስክ ይስጡት።

9. ከዚህ ሁሉ በኋላም ካላነበበ

ሌንሱ አጠገብ ያሉትን ጥቃቅን ብሎኖች እንዲያዞሩ የሚመክርዎ ሰው አይጠፋም። ብሎኖቹ የሌዘሩን ኃይል ይወስናሉ፤ ሲዞሩ መሣሪያው ለጥቂት ሳምንታት ማንበብ ሊጀምር ይችላል፣ ከዚያ ግን ከዐቅሙ በላይ የተገፋው ሌዘር ለመጨረሻ ጊዜ ይጠፋል። እኔ አላደርገውም፤ ትክክለኛው መፍትሔ ሌንሱን ከነመያዣው መቀየር ነው።

ሌንስ ሲገዙ በአሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ኬኤችኤስ 400ሲ የሚባለው በወፍራሞቹ፣ ፒቪአር 802 የሚባለው ደግሞ በቀጭኖቹ ላይ የሚገኙ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ምትክ አይገባም። አዲሶቹ ሌንሶች ብዙ ጊዜ ከስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲጠበቁ በአንዲት ነጥብ ብየዳ ተዘግተው ይመጣሉ፤ ብየዳው ካልተነሣ አዲሱ ሌንስም ሞቷል ተብሎ ይጣላል። ብየዳ የማያውቁ ከሆነ ይህን ብቻ ለሞባይል ጠጋኝ ያሠሩ፤ ለእሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

10. ጆይስቲኩ ራሱን የሚጫን ከሆነ

ተጫዋቹ ሳይነኩት ከሄደ ወይም አንድ ቁልፍ ካልታዘዘ የጆይስቲኩን የኋላ ብሎኖች ይፍቱ። በውስጡ የቁልፎቹን ግፊት የሚቀበል ግልጽ ፕላስቲክ አለ፤ ጫፉ በስፖንጅ ተገፍቶ ከሰሌዳው ጋር ይነካካል። ስፖንጁ በዕድሜ ሲሟሽሽ ግንኙነቱ ይላላል። የሁለቱንም ፊት በአልኮል ጠርገው ስፖንጁ ሥር ሁለት ሦስት ንብርብር ፕላስተር ያድርጉና መልሰው ይግጠሙት።

11. ተጫውተው ሲጨርሱ

በጨዋታ መሐል መብራት ከጠፋ ዋናውን ማብሪያ ይዝጉና ገመዱን ይንቀሉ፤ ኃይሉ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልት የሚዋዥቅባቸው ስለሆኑ አምፖሉ ተረጋግቶ ለ5 ደቂቃ ሳይርገበገብ እስኪቆይ አይሰኩት። ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ከሆነም እሱንም ጭምር ከግድግዳው ይንቀሉት፤ መሣሪያው ጠፍቶም ቢሆን ይሞቃል። ዲስኩን በውስጡ አይተዉ፤ ሜሞሪ ካርዱን ነቅለው ከቅጂው በተለየ ቦታ ያስቀምጡ፤ መሣሪያውንም ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ በጨርቅ ይሸፍኑት።